ቀንበሩ ከዋንዛ፣ መቃኛው ከጊታር

የአናጢው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋውን ዕቃ ያየ ሰው የሙዚቃ መሣሪያ ይወጣዋል ብሎ አያስብም። ሊጥ ሲቦካበት የኖረ ሰፊ የዋንዛ ገበቴ፣ ከፈረሰ አልጋ የተረፉ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ፣ በጨርቅ የተቋጠሩ ቡሎንና ዳዶዎች፣ አንገቱ የተሰበረ ቤዝ ጊታር። ለብቻው ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት የወይራ ቁራጭ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለው ይህ እንጨት ቤት ኑሮው አልጋና ቁም ሣጥን ነው። ሰሞኑን የተያዘው ሥራ ግን ቤዝ ክራር ነው።

አሠሪው በሰርግ ቤት ክራር የሚጫወት ወጣት ነው። ገበቴውን ከአክስቱ ቤት ነው ያመጣው፤ ፕላስቲክ ከገባ ወዲህ ጓዳ ውስጥ ተደፍቶ ነበር። ጠርዙ ላይ አንዲት ስንጥቅ አለች፤ አናጢው በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ይዳብሷታል።

«ጋሼ፣ ተሰንጥቋል ብለው እንዳይተዉት» አለ ወጣቱ።

«አንተ ልጅ፣ ዋንዛ በዚህ ይጣላል እንዴ! ኮላና የእንጨቱን ዱቄት ለውሼ ነው የምደፍናት። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ይኼ ክር የምትለው ሽቦ ስንት ኪሎ ነው የሚጎትተው?»

ጥያቄው የሥራው ሁሉ ቁልፍ ስለሆነ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን፣ ክራር ተጫዋች ምን ጎደለኝ ብሎ ቤዝ እንደሚያምረው ነው ማየት ያለብን።

የወሎ ሰርግ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ ይዞ ሲጀመር ድምፁ ሁሉ ከላይ ነው። ዋሽንቱና ማሲንቆው ዘፋኙን ይከተላሉ፤ አንዳንዴ ይቀድሙታል። ክራሩ መሐል መሐሉን ይሞላል፣ ከታች ያለው ከበሮ ብቻ ነው። በአገራችን የክር መሣሪያ ወፍራም ድምፅ ያለው በገና ሲሆን አሥሩ አውታሮቹ ከበግ አንጀት ይፈተላሉ፤ አውታሮቹ በሚያርፉበት በርኩማና በአውታሩ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ነች ያንን ንዝረት የምትሰጠው። በገና ግን የጸሎት ነው፤ ለሰርግ አይወጣም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አፍንጫው ሥር ባለበት ከተማ ደግሞ በገናን አስጨፍሩበት የሚል አይገኝም። ስለዚህ ለዘፈን የሚሆን ወፍራም ክር የሚዋሱበት የቅርብ ዘመድ የለም።

በከተማው ዘፈን ያ የታችኛው ቦታ የተሞላው በነሐስ መሣሪያ ነው። ከአድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ንጉሠ ነገሥት የተላኩት መሣሪያዎች ለቤተ መንግሥቱ ማርሽ መነሻ ሆኑ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያ በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦር ሠራዊቱና ማዘጋጃ ቤቱ የየራሳቸውን ባንድ አደራጁ። ትሮምቦንና ቱባ ከሥር ሲያጉረመርሙ ዘፈናችን የሚቆምበት ወለል አገኘ፤ ቤዝ ጊታር የመጣው ያንኑ ቦታ ለመረከብ ነው። ዛሬ ሰርግ ቤት ውስጥ ተረካቢው ኪቦርድ ሆኗል። የኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኙ ማሲንቆውን፣ በአንዲት ቁልፍ ደግሞ ከበሮውን ይሠራና ሦስት ሰው ሥራ ፈት ያደርጋል። ይህን ስጽፍ ምሬት እንዳለበት አልክድም።

በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ቤዝ ክራር ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ለንደን የሚገኘው የተመስገን ዘለቀ ክራር ኮሌክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኢትዮጵያ ሱፐር ክራር» የተሰኘ አልበሙን ሲያወጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር እንደ ሮክ ባንድ መድረክ ሊያናውጥ እንደሚችል ለፈረንጁም አሳይቷል። ሐይቅ ያለው ወጣት ግን ተዘጋጅቶ የሚሸጥ መሣሪያ ሄዶ የሚገዛበት ሱቅ የለውም፤ ያለው ከየቦታው የተቃረመ ዕቃ ነው።

ነገሩ የድህነት ብቻ እንዳይመስለን። ትሮምቦን የሚነፉ የውጭ አገር ባለሙያዎችም የሚመኙትን ቤዝ ትሮምቦን አንዳንዴ የሚያገኙት ከተለያየ ፋብሪካ በመጣ አካል ነው፦ የአፉን ጡሩንባ ከአንዱ፣ ተንሸራታቹን ቱቦ ከሌላው፣ ቫልቩን ከሦስተኛው። አሜሪካ ውስጥ ኤድዋርድስና ሻየርስ የሚባሉት ፋብሪካዎች ገና ከመነሻው አካሉን እየነቃቀሉ መለዋወጥ እንዲቻል አድርገው ይሠራሉ። የእነሱም ጭንቅ ከአናጢያችን ጭንቅ ብዙ አይርቅም፤ መጋጠሚያው ላይ ነው። የትልቁ ቴነር ትሮምቦን ቱቦ የውስጥ ስፋት 13.9 ሚሊ ሜትር፣ የቤዙ 14.3 ሚሊ ሜትር ነው። በመካከላቸው ያለው ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ልዩነት ሳይስተካከል ቢበየድ አየሩ እዚያ ላይ ይደናቀፋል፣ ድምፁም ይንገዳገዳል። ገጣጣሚ የሚከበረው መጋጠሚያውን ስለሚያውቅ ነው።

ሐይቅ ላይ የመጀመሪያው መጋጠሚያ መቃኛው ሆኖ ተገኘ። በተለመደው ክራር ክሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ወይም በጠፍር ተጠምጥሞ ነው የሚቃኘው፤ ጥምጥሙ ሲዞር ክሩ ይወጠራል፣ ሰበቃው ይይዘዋል። ይህ ለናይሎን ይበቃል። ወጣቱ በተራው ክራሩ ላይ ያሠረው ከሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ያገኘውን የመረብ ናይሎን ነው፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚይዝ ክር ለክራር አያንስም። የቤዝ ጊታር ክር ግን ሌላ ፍጥረት ነው፤ ውስጡ የብረት ሽቦ፣ ላዩ በሌላ ሽቦ የተጠቀለለ። አናጢው የጠየቁት የኪሎ ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው፦ አንዱ ክር በወጉ ሲወጠር ከ18 እስከ 20 ኪሎ ይጎትታል። ስድስቱ ሲደመሩ ከ100 ኪሎ ያልፋሉ፤ ልክ አንድ ኩንታል ተሸክሞ እንደማደር ነው። የጨርቅ ጥምጥም በዚህ ሸክም አንድ ዘፈን እንኳ አይቆይም።

ስለዚህ ከተሰበረው ጊታር አራቱ መቃኛዎች ተነቅለው ቀንበሩ ላይ ገቡ። ክራሩ ስድስት ክር ስላለው ሁለት ጎደለ። የጎደሉት ከተራ ጊታር መጡ፤ የእነሱ ቀዳዳ ደግሞ ለወፍራም ክር ጠባብ ነው። አናጢው አንደኛውን በሞርሳ አስረው በድሪል ሊያሰፉት ሲጀምሩ ብረቱ እንዳይሰነጠቅ ወጣቱ ፈራ፤ ተመካክረው ትንንሾቹን መቃኛዎች ለሁለቱ ቀጫጭን ክሮች መደቧቸው። ቀንበሩ ራሱ ከአልጋው ሊወጣ አልቻለም፤ በአዲስ ዋንዛ ተተካ። ምሰሶዎቹ የአልጋው ቋሚዎች ናቸው፤ በመላጊያ ተላግተው፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስልሰው፣ ከቀንበሩ ጋር በቡሎን ተያዙ። ሮንዴላ ሳይገባበት ቢጠብቅ የቡሎኑ ራስ እንጨቱ ውስጥ ይሰምጥ ነበር፤ ዋንዛ ለመቅረጽ የሚመች ለስላሳ እንጨት በመሆኑ የሚወደደውን ያህል ነጠላ ነጥብ ላይ ያረፈን ኃይል አይችልም። ለዚህ ነው በርኩማው ከወይራ የተቆረጠው።

ቆዳው ላይ ክርክር ተነሣ። አናጢው የፍየል ቆዳ ነክረው፣ ወጥረው፣ ጥላ ሥር አድርቀው ክራር ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ገበቴው በኮምፔርሳቶ ይሸፈን የሚለው አልዋጥ አላቸው።

«ቆዳ የሌለው ክራር ወላሂ ሣጥን ነው።»

«እሺ ጋሼ፣ በቆዳ ይሁን። ግን ክረምት ሲገባ ማን ያቃናልኛል?»

ሁለቱም ልክ ነበሩ። ክሮቹ በርኩማውን ተሻግረው ትንሽ ሲታጠፉ ከውጥረታቸው ጥቂቱ ወደ ታች ጫና ይሆናል፤ እጥፋቱ 10 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ከ100 ኪሎው ላይ 17 ኪሎ ያህሉ ሽፋኑ ላይ ይወድቃል። የፍየል ቆዳ ይህን ተሸክሞ ጥቂት ቀን ይቆይና ይረግባል። እርጥበት ሲገባው ጭራሹን ይላላል፤ በርኩማው በሰመጠ ቁጥር ክሩ ሁሉ ከቅኝቱ ይወርዳል። በመጨረሻ የታረቁት ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ኮምፔርሳቶው ሸክሙን ይይዛል፣ ከሥሩ ከገበቴው ጋር በአንድ ተሻጋሪ እንጨት ይደገፋል። በላዩ ደግሞ ቆዳ ይለጠፋል። ቆዳው ለድምፁ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው፤ ዓይን ግን ክራር መሆኑን እንዲያምን ያግዛል። እኔ ብሆን ቆዳውን እተወው ነበር፤ ሰርግ ቤት ደግሞ ዓይንም ታዳሚ ነው ያለኝ ወጣቱ ነው።

አሁን ወደ ክሩ እንግባ፤ ቤዝ ክራር የሚያምረው ወይም የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነውና። የአንድ ክር ድምፅ በአንድ ኦክታቭ እንዲወርድ ከተፈለገ ሦስት መንገድ አለ፦ ርዝመቱን እጥፍ ማድረግ፣ ውጥረቱን ወደ ሩብ መቀነስ ወይም የክሩን ክብደት አራት እጥፍ ማድረግ። ተራ ክራርን ሁለት ኦክታቭ ለማውረድ በርዝመት ብቻ ከተሄደ መሣሪያው ከሰው ቁመት ይበልጣል። በማላላት ከተሄደ ክሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዘፍንም። ስለዚህ ርዝመቱ በመጠኑ ይጨመራል፣ የቀረውን ክብደት ይሸፍናል። የዚህ ክራር ክር ከበርኩማ እስከ ቀንበር 70 ሴንቲ ሜትር ነው። የቤዝ ጊታር 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክር ሲያጥር ድምፁ ስለሚወጣ ጊታሩ ላይ በሰከንድ 55 ጊዜ የሚርገበገበው የ«ላ» ክር እዚህ በዚያው ውጥረት 68 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ጥቂት ሲላላ 65 ላይ ይቆማል፤ ይህ ወፍራሙ «ዶ» ነው። የጊታሩ ከሁሉ ወፍራም ክር ደግሞ ከናካቴው ሥራ ፈታ፣ ተጠቅልሎ መሳቢያ ገባ።

ክሮቹ የተመረጡት ለአምባሰል ነው። ይህም አያስገርምም፤ የወጣቱ አካባቢ ተሁለደሬ ቢሆንም የአምባሰል ተራራ ከዚያው ነው የሚታየው። ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶች ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ፤ የወሎ ላሊበላ ኪነትና ማሪቱ ለገሰ ያሳደጉት ጆሮ ደግሞ በአምባሰል አይታለልም። አምባሰል «ዶ» ላይ ቢነሣ የሚቀጥለው ድምፅ «ሬ» ቤሞል ነው፤ ግማሽ ቶን ብቻ ከፍ ያለ። ከዚያ ዘለል ይልና «ፋ»፣ «ሶል»፣ እንደገና በግማሽ ቶን «ላ» ቤሞል፣ ከዚያ ሌላ ዝላይ፣ ከዚያ የላይኛው «ዶ»። ያ ሆድ የሚያባባ የአምባሰል ጠባይ የተቀመጠው በእነዚህ ሁለት ጠባብ እርምጃዎች ውስጥ ነው።

ለቤዝ ሠሪ ግን ጠባቧ እርምጃ ጣጣ ናት። ታችኛው «ዶ» በሰከንድ 65 ጊዜ፣ «ሬ» ቤሞል 69 ጊዜ ይርገበገባሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሰሙ ድምፃቸው በሰከንድ 4 ጊዜ ያህል እየጎላና እየደከመ «ውው፣ ውው» ይላል። በተራ ክራር ላይ ይህ ልዩነት ፈጣን ስለሆነ እንደ ቅመም ያልፋል፤ ታች ሲወርድ ግን ቤቱን ያናውጣል። ተራ ክራር ሲገረፍ የግራ እጅ ጣቶች ከክሮቹ በስተጀርባ ሆነው የማይፈለገውን ክር ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። ቤዝ ክራር ላይ ደግሞ ጣት የነካውን ክር ብቻ ሳይሆን ያልተነካውንም መጠበቅ አለበት፤ «ዶ» ሲደረደር ጎረቤቱ «ሬ» ቤሞል ሳይጠራ ማንጎራጎር ይጀምራልና። ስለዚህ ቤዝ ክራር አይገረፍም፣ ይደረደራል። ወጣቱ ይህን ለመቀነስ አንድ ብልሃት አገኘ፦ ሁለቱን ጠባብ ድምፆች ጎን ለጎን ማድረጉን ትቶ በመካከላቸው «ፋ»ን አስገባ። ጣቱ አዲሱን ሰፈር እስኪለምድ መጀመሪያ ላይ በደንብ ተንገላታ።

ለሁለቱ ታችኛ ድምፆች ሁለት የ«ላ» ክር ያስፈልጋል፤ ከአንድ ጊታር የሚወጣው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከደሴ ባንድ ያገለገለ ክር ተለምኖ መጣ። አዲስና አሮጌ ክር ጎን ለጎን ሲሆኑ ደግሞ አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ያጉረመርማል። ወጣቱ አሮጌውን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ ከመጠቅለያው መሐል የገባውን ላብና አቧራ አስወጣ፤ ድምፁ ከሞላ ጎደል ተመለሰ። ሙዚቀኞች ሲያደርጉት የኖሩት ነው፣ ክር ውድ በሆነበት አገር ሁሉ ይሠራል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ገበቴው ብቻውን ቤዝ ማሰማት አይችልም። በሰከንድ 65 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ላይ ሲሄድ የአንዱ ማዕበል ርዝመት ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ገበቴ ይህን ያህል አየር መግፋት አይሆንለትም። ቀርበን ስንሰማው «ዶ» የመሰለን በአብዛኛው የክሩ ላይኛ ድምፆች ናቸው፤ የታችኛውን ጆሯችን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ግድ ነው። የጊታሩ ፒካፕ ማግኔት ነው፤ በላዩ በሺህ የሚቆጠር ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። የብረት ክር በላዩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያነቃል። ናይሎን ቢታሰርለት ምንም አይሰማም፤ ለዚያ ከበርኩማው ሥር የሚገባ ፒዬዞ ነው የሚሆነው።

ፒካፑ ለአራት ክር ነው የተሠራው፣ ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ። የክራር ክሮች ግን ወደ ቀንበሩ ሲወጡ እንደ ማራገቢያ ይከፈታሉ፤ መሐል ላይ ቢቀመጥ ዳርና ዳር ያሉት ያመልጡታል። ብቸኛው ቦታ ክሮቹ ከሚሰበሰቡበት ከበርኩማው አጠገብ ነው። እዚያ የሚገኘው ድምፅ ቀጠን ያለ ነው፤ የተመረጠው ግን ስድስቱም ስለተያዙ ነው። የብየዳውን ሥራ የሠራው አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። በስታኞ ሦስት ቦታ ነክቶ፣ ከክሮቹ ማሠሪያ ብረት አንዲት ሽቦ ወደ ጃኩ ወሰደ፤ ያቺ ሽቦ ስትቋረጥ ድምፅ ማጉያው ሞንታርቦ ሲያንጎራጉር፣ ስትገናኝ ጸጥ ሲል አይተናል።

የመጀመሪያው ሙከራ እዚያው እንጨት ቤት ተደረገ። አልጋ ሊያሠሩ የመጡ አንዲት እናት ቁጭ ብለው እስኪያልቅ ጠበቁ። አናጢው ጆሯቸውን ምሰሶው ላይ አስጠግተው ሸክሙን ያዳምጡ ነበር፤ ዋንዛው አንዴ «ጧ» ሲል ሁላችንም ደነገጥን፣ ቡሎኑ ቦታውን ሲይዝ ነው። ከዚያ ወጣቱ ዝግ ባለ አምባሰል ገባ። ከ«ዶ» ወደ «ሬ» ቤሞል ሲወጣና ሲመለስ ተራ ክራር የማያደርገውን ነገር አደረገ፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሮንዴላዎች ተንቀጠቀጡ። ጓደኛው ማሲንቆውን አንሥቶ ከላይ ገባበት፤ ማሲንቆው የሚቆምበት ወለል በማግኘቱ ወዲያውኑ አካሄዱን ቀየረ፣ ድምፁን ይጎትት፣ ያዘገይም ጀመር። ከዚህ በኋላ ባህል ተበላሸ የሚለኝ ሰው ቢመጣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ክራር ጅማቱን ጥሎ ናይሎን ሲያስር፣ ገበቴውን ትቶ በቆርቆሮ ሳህን ሲሠራ ማን አለቀሰ?

የማይካድ ችግር ግን አለ፣ እሱም የክራር ሁሉ ችግር ነው። ክራር በአንድ ጊዜ አንድ ቅኝት ብቻ ነው የሚይዘው። ከአምባሰል ወደ አንቺሆዬ ለመሄድ ሁለት ክር፣ ወደ ትዝታ ለመሄድ ሦስት ክር መቀየር አለበት። በናይሎን ክራር ይህ ዘፋኙ ሙሽሮቹን እስኪያወድስ ያልቃል። ከ100 ኪሎ በላይ በተወጠረ ብረት ግን ሦስቱ ሲነኩ የቀሩትም በምሰሶው መለጠጥ ትንሽ ይንሸራተታሉ፣ ሁሉም እንደገና ይቃኛሉ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና 2008 ሃርቫርድ በነበረበት ጊዜና ከኤም.አይ.ቲ. ጋር ሲሠራ ክራርን ለማዘመን የደከመው ከዚሁ እንቅፋት ጋር እየታገለ ነው።

የሐይቁ መፍትሔ ርካሽ ነው። ከመቃኛዎቹ ሥር፣ ቀንበሩ ላይ፣ ክሩን በግማሽ ቶን የሚያሳጥሩ ትንንሽ የብረት ማጠፊያዎች ይግቡ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 70 ሴንቲ ሜትር ክር በግማሽ ቶን ከፍ እንዲል 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማጠር አለበት። ወደ ትዝታ ሲኬድ «ሬ» ቤሞልና «ላ» ቤሞል በዚህ ከፍ ይላሉ፤ «ፋ» ግን ወደ «ሚ» መውረድ ስላለበት ከመነሻው «ሚ» ተቃኝቶ ለአምባሰል ጊዜ ማጠፊያው ይያዝለታል። ሦስት ማጠፊያ፣ ሁለት ቅኝት። አናጢው የበር ማጠፊያ አንሥተው ለካኩት፣ ወፍራም ነው ብለው መለሱት። የባጃጅ ፍሬን እጀታ የሚሠራ ልጅ ከመናኸሪያው ማዶ አለ፤ ቀጭን ብረት ከእሱ ይገኛል ተብሎ ወጣቱ ወደዚያው ሄደ። አናጢው ደግሞ አልጋ ሊያሠሩ የመጡትን እናት ርዝመቱን ይጠይቁ ጀመር።